ወፍራሟ ዘይት ስትተፋ

ስለ ሞተር የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ጎንደር ላይ በአሥራ አምስት ቀን ኮርስ ነው። ከአሥራ አምስቱ ቀን ሁለቱ የመክፈቻና የመዝጊያ ንግግር ነበሩ፤ ሦስቱን ቀን ደግሞ ጥርሴን አሞኝ ተኝቻለሁ። የቀረውን እናንተው አስሉት። ያም ሆኖ በመጨረሻ ማኅተም ያረፈበት የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ እኔም በመስተዋት አስገጥሜ፣ ሸሕዲ ወዳለችው ኪራይ ቤቴ ወስጄ ከአልጋዬ ራስጌ ሰቀልኩት። ሊጠይቀኝ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ወረቀቱን ያያል፣ ቀጥሎ እኔን ያያል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ያኔ ዝምታው የአክብሮት ይመስለኝ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሥራዬም የወባ ኪኒን ይዤ ከእርሻ እርሻ መዞር ነበር። የመተማን ቆላ በክረምት ያየ ያውቀዋል፣ ያላየም ይመነኝ፤ ዝናብ ከገባ ያ ጥቁር ዋልካ መሬት መሆኑን ይተዋል። ጫማ ያስቀራል፣ በሬ ያስጨንቃል፣ መኪና ደግሞ አንዴ ከያዘ እስከ መስከረም አይለቅም። ለሰሊጥ አረም ከወሎና ከጎጃም፣ ከደጋው ጎንደርም የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች በወባ የሚወድቁት በዚሁ ወቅት ነው። እኔም ኪኒኑን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ በእግሬ አዘግማለሁ። ብዙ ጊዜ ትኩሳቱ ቀድሞኝ ይደርስ ነበር። ኪኒኑን ይዤ ስደርስ አፈር ሲያለብሱት ያገኘሁት ሰው አለ፤ በዚህ ነገር አልቀልድም።

ታዲያ አንድ ሰኔ ላይ ወፍራሟ መጣች።

የመጣችው በጭነት መኪና ተጭና፣ በሳንቃ ታሽጋ ነው። ከየት አገር እንደመጣች በውል አይታወቅም፤ ለጋሽ ላካት ተባለ፣ እኛም ለጋሹን አመሰገንን። ባለ ሦስት ጎማ ሞተር ብስክሌት ናት፤ ግን ሞተር ብስክሌት ስላችሁ ከተማ ውስጥ የምታዩዋትን ዓይነት ቀጭን ነገር እንዳታስቡ። ጎማዎቿ ሰሊጥ የተሞላ ጆንያ ያህላሉ። በእነዚያ ጎማዎች ዋልካው ላይ ሳትሰምጥ እየተንቦራጨቀች ታልፋለች። የሸሕዲ ሰው ሳንቃው ተነስቶ ጎማዎቿን ባየ ጊዜ ስሟን እዚያው አወጣላት፤ ወፍራሟ አላት። መሥሪያ ቤቱ በፋይሉ ላይ ረጅም የእንግሊዝኛ ስምና ቁጥር ጽፎላት ነበር፤ በዚያ ስም የጠራት ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ከወፍራሟ ጋር የጥበቃ ሠራተኛ መቅጠሪያ ደብዳቤ አብሮ መጣ። ውድ ንብረት ስለሆነች ያለ ጠባቂ እንዳታድር ታዟል። የተቀጠሩት ጋሽ ይመር ናቸው። ጋሽ ይመር ወሎዬ ናቸው፤ ከዓመታት በፊት ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው፣ ወደ አገራቸው የሚመልሳቸው ነገር ስላልነበረ እዚሁ የቀሩ ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ። እስከዚያ ቀን ድረስ ክረምቱን በሰው በረንዳ፣ በጋውን በሰው ማሳ ነበር የሚያድሩት። ለወፍራሟ የቆርቆሮ መጠለያ ሲሠራላት ግን ከጎኑ አንዲት ክፍል ተቀጠለችላቸው፤ በር ያላት፣ በሩም ቁልፍ ያለው። ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውት ይውሉ ነበር። በሩን ቆልፈው ሲያበቁ ደግሞ አንድ ጊዜ ገፋ አድርገው ያዩታል፤ መቆለፉን ለማረጋገጥ ሳይሆን በር መሆኑን ለማረጋገጥ ይመስለኛል።

ስለ ጋሽ ይመር ሌላ ማወቅ ያለባችሁ ነገር ሻሂያቸው ነው። ጠዋት ሥራ ስገባ በትንሽዬ የሱዳን ብርጭቆ ሻሂ ይቀዱልኛል። አቀዳዳቸው ታዲያ እንደሌላው ሰው አይደለም። ብርጭቆዋ ሞልታ፣ ሻሂው አፏ ላይ ደርሶ፣ እኔ ይበቃል ጋሼ እያልኩ እሳቸው ይቀጥላሉ፤ በጎኗ ወርዶ ማስቀመጫ ሳህኗን እስኪሞላ ድረስ። የሻሂ ብራዳቸውን ቀና የሚያደርጉት ከዚያ በኋላ ነው። እሳቸው ዘንድ እንግዳ ፊት ያልፈሰሰ ብርጭቆ እንዳልተቀዳ ይቆጠራል። እኔም በዚያን ዘመን ቀኔን የምጀምረው ጣቶቼ በስኳር ተጣብቀው ነበር።

ወፍራሟ በገባች ማግስት ጋሽ ይመርን ጠርቼ የአሥራ አምስት ቀኑን ትምህርት በሩብ ሰዓት አስተማርኳቸው። የዘይት መክደኛዋን ፈትቼ፣ ከክዳኑ ጋር የተያያዘችውን መለኪያ ዘንግ መዝዤ፣ በጨርቅ ጠርጌ አሳየኋቸው። ዘንጓ ጫፍ ላይ ሁለት ጭረቶች አሉ። ዘይቱ በሁለቱ ጭረቶች መካከል መሆን አለበት፣ ከታችኛው ቢወርድ ጉዳት፣ ከላይኛው ቢያልፍም ጉዳት ነው ብዬ መናገር ነበረብኝ። ኮርሱ ላይ ይህ በተነገረበት ቀን ጥርሴን አሞኝ ሳይሆን አይቀርም፤ እኔ ያልኩት ሌላ ነው። ዘንጓን እንደ ሰባኪ ወደ ላይ አንስቼ፣ "ጋሽ ይመር፣ የሞተር ነፍሷ ዘይት ነው። ዘይት እንዳይጎድልባት። ይህን ለእርስዎ አደራ ሰጥቻለሁ" አልኳቸው። ከጎንደር የሚላከውን የዘይት ጀሪካንም እዚያው መጠለያው ውስጥ አኖርኩላቸው።

አደራ የምትለዋን ቃል ለጌጥ ነበር የጨመርኳት። እሳቸው ግን ከተቀመጡበት ተነስተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀበሉኝ።

የመጀመሪያዎቹ ቀኖች እንደ ሠርግ ነበሩ። በእግር ሁለት ቀን የሚፈጀውን መንገድ በግማሽ ቀን እጨርሳለሁ። የእርሻው ሠራተኞች ድምፅዋን ከሩቅ ሲሰሙ ከዳሱ እየወጡ ይጠብቁኛል፤ ትኩሳት የያዘውም ኪኒኑን ገና ሰውነቱ ሳይዝል ይውጣል። ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። መነጽር ገዛሁ። ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ከአንድ እርሻ ስመለስ ግራ እግሬን ሞቀኝ። ዝቅ ብዬ ባይ ሱሪዬ በዘይት ርሷል። ወደ ኋላ ዞሬ ባይ ደግሞ የመጣሁበት መንገድ በሰማያዊ ጭስ ተሸፍኖ፣ ከጭሱ ውስጥ አንድ ፍየል ጠባቂ እያስነጠሰ ወጣ።

ዘይቱ የሚወጣው ጣት ከምታህል የላስቲክ ቱቦ ነው። ይህች ቱቦ የሞተሯ መተንፈሻ ናት፤ አንዷ ጫፍ ሆዷ ላይ፣ ሌላዋ ጫፍ አየር ማጣሪያዋ ላይ ተሰክታለች። በሆዷ ውስጥ የሚጠራቀመውን ትነት በዚያ ታወጣለች፤ ትነት እንጂ ዘይት ግን ማውጣት አልነበረባትም። ወፍራሟን ትውከት ያዛት ማለት ነው። የማጣሪያዋ ስፖንጅ በዘይት ይነከራል፣ አየር ሲያጥራት ታስላለች፣ እሳት የሚጭርላት ካንዴላ ይጠቁርና ቀጥ ትላለች። እኔም ወርጄ ካንዴላውን በሱሪዬ እጠርጋለሁ፤ ሱሪዬ ከካንዴላው ይብስ ስለነበር የጠረግኩት የቱን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ባለሙያ ነኝና ሕክምናውን በራሴ ጀመርኩ። መጀመሪያ ማጣሪያውን በላምባ አጠብኩ። ለአንድ ቀን ደህና ሆነች፣ በማግስቱ ተፋች። ቀጥሎ ዘይቱ በዚያች ቀዳዳ ከሆነ የሚወጣው ቀዳዳዋ ይዘጋ አልኩና ከእንጨት ቡሽ ጠርቤ ቱቦዋን ወተፍኩት። እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚመጣው ማኅተም ላለው ሰው ብቻ ነው። ገና ከከተማ ሳልወጣ ቡሹ ተተኩሶ የሻይ ቤቱን ቆርቆሮ መታ፤ ዘይቱም በቱቦዋ ብቻ መውጣቱን ትቶ በየስፌቷ ያዥ ጀመር። በመጨረሻ ቱቦዋን ከማጣሪያው ነቅዬ፣ ባዶ ጠርሙስ ከጎኗ አስሬ፣ ጫፏን እዚያ ውስጥ ከተትኩት። ይተፋ ካለ በዕቃ ይተፋ። ይህ እንኳ በጀ። ማታ ስመለስ ጠርሙሱ በዘይት ይሞላል፣ ጠዋት ስመጣ ተጠርጎ ባዶውን ታስሮ አገኘዋለሁ። ጋሽ ይመር ንጹሕ ሰው ናቸው ብዬ አመሰግናቸዋለሁ። ዘይቱን የት እንደሚያደርሱት ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

የከተማው ሰውም ዝም አላለም። የሻይ ቤቱ ባለቤት ዓይን በልቷታልና መሪዋ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰር አለኝ፤ አሰርኩ። አንድ ጡረታ የወጡ ወታደር ዘይት የምትተፋው ቤንዚኑ ቀጭን ሆኖባት ነው አሉ፤ እሳቸውን ቸል አልኩ። በቀበሌው የእሁድ ውይይት ላይ ደግሞ የጉዳዩ ስም ከፍ አለ። አንዱ ጓድ ተነስቶ የሕዝብ ንብረት እንዲህ በየመንገዱ ዘይት የሚያፈሰው በአሻጥር ካልሆነ በቀር በምን ነው ሲል ጠየቀ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ፤ መሬት ላይም ከሱሪዬ የተንጠባጠበ ዘይት ነበር።

በዚህን ጊዜ ነው ወደ መተማ ዮሐንስ፣ ወደ ኡስታ ባቢክር የሄድኩት። ኡስታ ባቢክር ከኒም ዛፍ ሥር የሚሠራ መካኒክ ነው። የድንበሩን ጥርጊያ ተሻግሮ ማዶ ሱዳን ነው፣ ወዲህ እኛ ነን፤ እሱ ደግሞ ከሁለቱም ወገን የተበላሸ ነገር ሁሉ የሚሰበሰብበት መካከል ላይ ተቀምጧል። ወፍራሟን በጭነት መኪና አሳፍሬ አደረስኩለት። ዞሯት፣ አሸተታት፣ አስነስቶ ጆሮውን ሰጣት። ፒስተኗን የሚያቅፉት ቀለበቶች፣ እኛ ፋሻ የምንላቸው፣ ሳያልቁ አልቀሩም፤ ትንፋሹ በእነሱ በኩል ሾልኮ ዘይቱን ይገፋዋል አለ። ሆዷን አራግፎ፣ የሞተሯን ራስ፣ ቴስታታዋን፣ አውርዶ፣ በሁለት ቀን አዲስ ፋሻ አገባላት። ፋሻውን ከየት እንዳመጣው አልጠየቅኩም፤ በዚያ ከተማ ዕቃ ከየት መጣ ተብሎ አይጠየቅም። ንጹሕ ዘይት ለክቶ ሞላባት፣ እኔም ከተማውን ሁለት ጊዜ ዞርኩባት። አንዲት ጠብታ የለም። ሸሕዲ ይዣት ተመለስኩ። በማግስቱ ከቀትር በፊት ጠርሙሱ ሞላ።

ሁለተኛ ወሰድኳት። ኡስታ ባቢክር ያወጣውን አሮጌ ፋሻና ያገባውን አዲስ ፋሻ ጎን ለጎን አስቀምጦ ብዙ ጊዜ ተመለከተ። ልዩነት የላቸውም ነበር። ደሙ እየፈላ፣ ዘይት የሚያግዱትን ማጥበቂያዎች ሁሉ ለወጠ፣ ዘይቷን ደፍቶ እንደገና ሞላ። ደህና ሆነች። ሸሕዲ ገባን፤ በማግስቱ ተፋች። መተማ ዮሐንስ ላይ ጤነኛ፣ ሸሕዲ ላይ ሕመምተኛ። የውሃው ነገር ይሆን፣ የአየሩ ነገር ይሆን እያልኩ ሳሰላስል የኬላው ጠባቂ ለይቶን፣ ስናልፍ መታወቂያ መጠየቁን ትቶ እንዴት አደረች ማለት ጀመረ።

ደብዳቤው የመጣው መስከረም እንደጠባ ነው። ከጎንደር ነው። የወፍራሟ የዘይት ፍጆታ ከመጠን በላይ ሆኖ ስለተገኘ በወሩ መጨረሻ ተቆጣጣሪ እንደሚመጣ፣ ዘይቱ ወዴት እንደሚሄድ እንደሚጣራ፣ ሞተሯ ያልተስተካከለች እንደሆነም ወደ ጎንደር እንደምትመለስና የጥበቃው ሥራ እንደሚሰረዝ ይላል። እኔ ወደ እግር ጉዞዬ እመለሳለሁ ማለት ነው። የኔስ ይሁን፤ እግር አለኝ። ጋሽ ይመር ግን ደብዳቤ በእጄ ሲያዩ ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ላለሳልሰው ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም፣ እንዳለ አነበብኩላቸው።

ሰምተው ሲያበቁ አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ያዝ አደረጉ። "እሷ ከሄደች ይቺም ቤት ትሄዳለቻ" አሉ።

ደብዳቤውን አጠፍኩ። የማጽናናው እኔ መሆን ሲገባኝ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣ "አብሽር ልጄ፣ እኔ አለሁላት። ከእንግዲህ በደንብ አድርጌ እይዛታለሁ" አሉኝ።

በደንብ ያዟት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወፍራሟ ባሰባት።

አሁን አንድ ጠርሙስ አይበቃትም፣ ሁለት አሰርኩላት። አንድ ቀን እርሻ ላይ ደርሼ ኪኒን ሳድል አንዱ ጎጃሜ ሠራተኛ ጠርሙሶቹን አይቶ፣ ማር ነው ወይ የምትሸጠው ሲል በትሕትና ጠየቀኝ። ሌላ ቀን መንገድ ላይ ቀጥ ብላ ቀረችና ሦስት ትኩሳታሞች ወዳሉበት ዳስ በእግሬ ሄድኩ። ደረስኩ፣ እግዜር ይመስገን ሦስቱም በሕይወት ነበሩ። ግን እየሄድኩ ሳለ የፈራሁትን ፍርሃት አልረሳውም።

ተቆጣጣሪው ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ለሦስተኛ ጊዜ ኡስታ ባቢክር ዘንድ ወሰድኳት። ሲያየን ሥራውን አስቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቀጥሎ ምንም ሳይፈታ የሆዷን ቡሎን ብቻ ላላ አድርጎ ዘይቱን ደፋ፤ ካሁን ቀደም መሬት ላይ ነበር የሚደፋው፣ ዛሬ ግን ከሥሯ ባዶ ጣሳ አኖረ። ጣሳው ሞላ። ሌላ ጣሳ አመጣ። ዘይቱ ግን አላበቃም። ያንን ሁሉ በጠርሙስ እየለካ ደረደረልኝ።

"ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ባለፈው እኔ የሞላሁባት ሁለት ጠርሙስ ነው" አለኝ። "አሁን የወጣው አራት ሊሞላ ነው። ይቺ ሙሽክላ፣ ችግር የለባትም። ጠግባ ነው። ማነው የሚያበላት?"

በሆዷ ውስጥ የሚሽከረከረው ብረት ከልክ ያለፈውን ዘይት እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋው መሄጃ ሲያጣ በመተንፈሻዋ ገንፍሎ ይወጣል። ይህን ሲያስረዳኝ እኔ በሙያዬ ተነክቼ የምስክር ወረቀት እንዳለኝ ነገርኩት። ወረቀቱ ይጠጣል ወይ አለኝ። ልኩን ሞልቶ ሰጠኝና በጭነት መኪናው ላይ ከወፍራሟ ጎን ተቀምጬ ወደ ሸሕዲ ተመለስኩ። ማን ያበላታል? ከእኔ በቀር መክደኛዋን የሚነካ ያለ አልመሰለኝም፤ እኔ ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ ከፍቼ አይቻት አላውቅም። አገጬን በእጄ ደግፌ ሳስብ ጣቶቼ ጉንጬ ላይ ተጣበቁ። የጠዋቱ ስኳር ነው። ጣቶቼን አየኋቸው። ወፍራሟን አየኋት።

በማግስቱ ከሥራ ሰዓት ቀድሜ ሄድኩ። ገና ፀሐይ መውጣቷ ነው። የመጠለያው በር ገርበብ ብሏል፤ ጋሽ ይመር ከወፍራሟ ጎን ቁጢጥ ብለው በቀዳዳዋ ማንቆርቆሪያ ሰክተው ዘይት በቀስታ ያፈሳሉ። ጠርሙሱ ሲያልቅ ከጀሪካኑ ጨመሩ። እያፈሰሱም እንደ ሰው ያነጋግሯታል። "ጠጪ የኔ እመቤት፣ ዛሬ መንገድ አለብሽ" ይሏታል።

ልቆጣ ነበር የገባሁት። ሁለት ጊዜ የተፈታ ሞተር፣ ሁለት ጊዜ የተለወጠ ዕቃ፣ የተበላሸ ስድስት ሱሪ አለብኝ። ሲያዩኝ ግን አልደነገጡም፤ እንዲያውም ደስ አላቸው። ዘንጓን ጠርገው፣ ነክረው፣ አውጥተው አሳዩኝ። ሳልሞላት በፊት የራሰችው ጫፏ ብቻ ነበረች፣ ሌላው ገላዋ ደረቅ ነበር አሉኝ፤ ትላንት ከመተማ ደርቃ ነው የመጣችው፣ ሁልጊዜም ያ መካኒክ ደርቃ ነው የሚሰዳት። በቀን የተፋችውንም በጠርሙስ ያኖርክላትን ጠዋት ጠዋት እመልስላታለሁ፣ አንድ ጠብታ አላባከንኩም አሉ። ዘንጓ በሙሉ ርሳ እስክትወጣ፣ ዘይቱም አፏ ላይ ደርሶ ብልጭ እስኪል ድረስ ነው የሚሞሏት።

"ለምን አልነገሩኝም ጋሼ?" አልኳቸው።

"አደራ ያልከኝ አንተ አይደለህ?" አሉ። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን እየጠረጉ፣ እኔን ሳያዩ ቀጠሉ። "በዚያ ክፉ ዓመት፣ ልጄ፣ ቤቴ ያለው ዕቃ ሁሉ ባዶ ነበር። እንስራው ባዶ፣ ጎታው ባዶ። ሦስት ልጆች ነበሩኝ። ከዚያ ወዲህ ጎደሎ ዕቃ ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

ይህን ከሰማሁ በኋላ፣ እርስዎ ነዎት ያሳመሟት ብዬ የምናገርበት አፍ ከየት ላምጣ? አላመጣሁም። ዋሸሁ። ኡስታ ባቢክር አዲስ መድኃኒት አድርጎባታልና ለአንድ ወር ከእኔ በቀር መክደኛዋን ማንም እንዳይከፍት ብሏል አልኳቸው። ከፍተው ለማየትም ቢሆን እንደሆነ ጠየቁኝ፣ ለማየትም አልኩ። አዘኑ፤ ግን መድኃኒት ነዋ። እንግዲያ ጎማዋን አጥባታለሁ አሉና ውሃ ሊቀዱ ሄዱ። እሳቸው እስኪመለሱ እኔ ከወፍራሟ ሥር ተኝቼ የጠዋት ቁርሷን ቀነስኩላት። ዘንጓንም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል አነበብኩ፤ በሁለቱ ጭረቶች መካከል።

ወፍራሟ ዳነች። ሳምንቱን ሙሉ ጠርሙሶቹ ደረቅ ሆነው ተንጠልጥለው ዋሉ። ጋሽ ይመር ማታ ማታ ጠርሙሶቹን ወደ ብርሃን አንስተው ያዩና መድኃኒቱ ያዘላት እያሉ ፊታቸው ይበራል። ጎማዎቿን በቀን ሁለት ጊዜ ያጥቡ ነበር።

ተቆጣጣሪው በተባለው ቀን መጣ። ኮቱን የቆለፈ፣ ሳቅ የማያበዛ ሰው ነው። ወፍራሟን ራሱ ይዟት እስከ አንድ የሰሊጥ እርሻ ደርሶ ተመለሰ፤ ወርዶ ከሥሯ አየ፣ ቱቦዋን አየ፣ ጭሷን አየ። ምንም የለም። ከዚያ ማስታወሻውን ከፈተ። ጋሽ ይመር ከመጠለያው በር አጠገብ ዱላቸውን ይዘው እንደ ወታደር ቆመዋል። ተቆጣጣሪው ሞተሯ ደህና ከሆነች ያ ሁሉ ጀሪካን ዘይት ወዴት ሄደ አለኝ። ድንበሩ ቅርብ ነው፣ ዘይትም ማዶ ይፈለጋል እያለ ዓይኑ ወደ ጋሽ ይመር ዱላ፣ ከዱላው ወደ ቁልፋቸው ሄደ።

ፋሻ፣ ማጥበቂያ፣ ምናምን ብዬ ልደባብቀው አስቤ ነበር። ያ ዓይን ወደዚያ ቁልፍ ሲሄድ ሳየው ግን ሁሉም ጠፋብኝ።

"ጓድ፣ ዘይቱ አልተሸጠም። ሁሉም እሷው ሆድ ውስጥ ነው የገባው" አልኩ። "መለኪያውን ሳላይ ከልክ በላይ እንድትሞላ ያደረግኩ እኔ ነኝ። የተፋችው ስለበዛባት ነው። ጥበቃው የታዘዙትን ነው የሠሩት።"

ኮርስ ወስደሃል ወይ አለ ተቆጣጣሪው። አሥራ አምስት ቀን ጓድ አልኩ። የጻፈው ረጅም ነበር። ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ኮርሱንም ከመጀመሪያው እንድደግም ታዘዝኩ፤ ወረቀቴንም ከራስጌዬ አውርጄ አስረከብኩ፣ መስተዋቱ ብቻ ቀረልኝ። ወፍራሟ ግን ሸሕዲ ትቆያለች ተባለ፣ ጥበቃውም ባለበት ይቀጥላል። ውጤቱ ይህ በመሆኑ ደስ ብሎኝ ስለነበር፣ ጋሽ ይመር እዚያው ቆመው እያንዳንዱን ቃል መስማታቸው ትዝ ያለኝ መኪናው ከሄደ በኋላ ነው። ዘወር ስል ውሃ ቀድተው፣ የታጠቡትን ጎማዎች እንደገና እያጠቡ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ወትሮው ሥራ ገባሁ። ጋሽ ይመር ብራዳቸውን አመጡ፣ ብርጭቆዋን ከፊቴ አስቀመጡ፣ ቀዱ። ከአፏ ሁለት ጣት ያህል ሲቀር ብራዱን ቀና አደረጉት። ሳህኗ ደረቅ ናት። እሳቸው ብራዱን ይዘው እንደቆሙ ናቸው።

"ምነው ጋሼ?" አልኩ።

"ልኩ ይኸ አይደል?" አሉ። "እኔ ሲበዛ እንደሚያምም አላወቅኩም፣ ልጄ። እኔ የማውቀው ሲጎድል የሚያመውን ነው።"

ብርጭቆዋን ወደ እሳቸው ገፋ አደረግኳት።

"እሷ ሞተር ናት፣ ጋሼ። እኔ ሰው ነኝ፤ ይቅዱልኝ" አልኳቸው።

ከዚያ ብራዱን ዝቅ አደረጉት። ሻሂው አፏ ላይ ደረሰ፣ በጎኗ ወረደ፣ ሳህኗን ሞላ፤ ይበቃል አላልኩም። ብርጭቆዋን ጠጥቼ ስጨርስ ሳህኗን በሁለት እጄ አነሳሁና እሷንም ጠጣኋት።